የሰነድ ዕድሜ

በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዬ እገባና ወንበሬ ላይ ተቀምጬ «ይሁን» እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። መዳቢው፣ የሊጉ አስሊ ማሽን፣ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን እንደሚያርፍ፣ ማን ወደ የትኛው ክለብ እንደሚሄድ ሲያሰላ ያድርና ዝርዝሩን ግድግዳው ላይ ያወጣልኛል። ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። ማንበቡ ግዴታ አይደለም፤ የድሮ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከዚያ ያችን አንዲት ቃል እናገራለሁ፣ ድምፄ ይመዘገባል፣ የክለቡ ቀን ይጀመራል።

የሊጉ ደንብ «የመጨረሻው ቃል የሰው ይሁን» ስለሚል እያንዳንዱ ክለብ አንድ ሰው በሥራ አስኪያጅነት ማስቀመጥ አለበት። በኮምቦልቻው ድርና ማግ እግር ኳስ ክለብ ያ ሰው እኔ ነኝ። ሐዋ ይመር እባላለሁ፤ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። የእኔ የሰነድ ዕድሜና የእናቴ ቆጠራ ይገጥማል። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም፤ በእኛ ሙያ ሁለቱ የገጠሙለት ሰው ጥቂት ነው።

ክለቡ የገባሁት በ2057 ዓ.ም. ደብዳቤ ጻፊ ሆኜ ነበር። ክለቡን ያቋቋሙት ሸማኔዎች ነበሩ፤ ሽመናው ቀርቶ ስሙ ብቻ ተረፈ። በገባሁ በስድስተኛው ዓመት ጸሐፊ፣ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። ያኔ ሥራ አስኪያጅ ማለት ብዙ የሚሄድ ሰው ማለት ነበር። ከሐይቅ እስከ ከሚሴ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበትን ሜዳ ሁሉ አውቀው ነበር፤ የትኛው ሜዳ በየት በኩል እንደሚያዘቀዝቅ፣ የትኛው መንደር ግራ እግረኛ እንደሚያበዛ በቃሌ እናገር ነበር። የዝውውር ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ተጫዋች መደበቅ የሚባል ሙያ ነበር። አንድ ጊዜ ሸጋው የሚባል የግራ ተከላካይ ሌላ ክለብ እንዳይነጥቀን ሐርቡ፣ አክስቴ ቤት ዘጠኝ ቀን ደበቅኩት። አክስቴ እንግዳ ነው ብላ ስታበላው ሰንብታ፣ ላስፈርመው ስሄድ ሱሪው አልዘጋ ብሎት አገኘሁት። አሠልጣኙ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። ግን ፈረመ፤ ስድስት ዓመትም ተጫወተልን። ዛሬ ሸጋውን የሚያህል ተጫዋች ባገኝ የት እደብቀዋለሁ? መዳቢው ያለበትን ቦታ ከልብ ምቱ ያውቃል።

አሁን ክለቡ ውስጥ ጩኸት የለም። ተጫዋቾቹ በሰነድ ዕድሜያቸው ተከፍለው በአራት ጠረጴዛ ይበላሉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የቀሩት ጨዋታዎች ብዛት ተጽፏል። ቁርስ ላይ ቁጥሩን አይቶ ዝም የሚል አለ፤ አይቶ የሚቀልድም አለ። ከሠላሳ በላይ የሆኑት በቀን ከሦስት ሺህ እርምጃ በላይ እንዳይራመዱ ስለተወሰነ ከመኝታ ክፍላቸው እስከ ሜዳው በሚገፋ ወንበር ይወሰዳሉ። እሑድ ስታዲየም የሚገባውን ደጋፊ መቼ እንደሚዘምር የተቀመጠበት ወንበር ይነግረዋል። ይዘምራልም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጀምራል፣ በአንድ ጊዜ ያቆማል፣ ድምፁም ጥሩ ነው። እኔ የሚናፍቀኝ ሞቅ ብሎት ከሁሉም ቀድሞ የሚጀምረው ያ አንድ ሰው ነው።

ቁጥሩ ዜሮ የደረሰ ተጫዋች ስንብት ይሰጠዋል። ስንብት የተሰጠው ሰው ከዚያ ወዲያ የተመዘገበ ሜዳ አይረግጥም፤ በሩ ራሱ አይከፈትለትም። ለማሠልጠንም፣ ከልጆች ጋር ለመራገጥም ቢሆን አይከፈትለትም። ከሰጠኋቸው ስንብቶች ብዙዎቹን ረስቻለሁ። ይህ ራሱ ያሳፍረኛል።

ሀብተገብርኤል፣ ሁላችንም ሀብቴ የምንለው አጥቂያችን፣ በሚገፋ ወንበር ከሚመጡት አንዱ ነበር። በሰነዱ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ወጣቶቹ «አባባ» ይሉት ነበር። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከኩታበር ገጠር ልብሱን በፌስታል ይዞ ሲመጣ ሰነዱ ሃያ አራት ይል ነበር። እሱ ግን እዚሁ ቢሮዬ ውስጥ ቆሞ «እትዬ፣ እኔ እኮ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው» አለኝ።

ሳቅኩ። አሠልጣኙም ሳቀ። ሻይ ይዛ የገባችው ሴት ምን እንደተባለ ሳታውቅ አብራን ሳቀች። በዚህ አገር ኳስ ተጫዋች ሁሉ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጢም ያውጣ አያውጣ፣ ልጅ ይውለድ አይውለድ፣ አሥራ ሰባት ነው። ሀብቴ በዚያ ወር ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ተናገረ፤ ሁልጊዜ የሚስቅ ሰው ሲያጋጥመው ተወው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱም ሞቷል፤ ሌላ ምስክር አልነበረውም። መዳቢው ደግሞ ሰውነቱ ለዕድሜው እጅግ ወጣት መሆኑን በየወሩ እየመረመረ «እንክብካቤው ውጤት አሳይቷል» እያለ ራሱን ያመሰግን ነበር።

እኔ የሳቅኩበት ምክንያት ከሌሎቹ ይለያል። በ2063 ዓ.ም. ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የአገሪቱን ዋንጫ በልተናል። ክለባችን በታሪኩ የበላው ዋንጫ ያ ብቻ ነው። የተሰለፉትን የአሥራ አንዱንም ልጆች የልደት ሰነድ የሠራሁት እኔ ነኝ። ከሁሉ የሚያንሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አምበላችን አራጋው ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ጢሙ ከቁርስ እስከ ምሳ የሚበቅል ሰው ስለነበር የፍጻሜው ዕለት በዕረፍት ሰዓት ምላጭና ሳሙና ይዤ መልበሻ ክፍል ገብቼ እኔው ላጨሁት። በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት ግብ አገባ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የሠራሁት ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ሁሉም ክለብ ያደርገው ነበር፤ እኛ ትንሽ ቆንጆ አድርገን አደረግነው። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

ዋንጫው ከዚያ ወዲህ በክለቡ አዳራሽ በመስታወት ውስጥ ተቀመጠ። በየዓመቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ገጠሩን ይዞር ነበር፤ ሰው ሥራውን ትቶ መንገድ ዳር ይወጣል፣ ሴቶች እልል ይላሉ። እንግዲህ አንድ የገጠር ልጅ ቢሮዬ ቆሞ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው ሲለኝ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ሊያታልለኝ የሚሞክረውን ነገር እኔ ከእሱ ቀድሜ እንደፈለሰፍኩት ሁሉ ተሰማኝ።

ዘንድሮ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2101 ጠዋት፣ ሀብቴ ወንበሩን አስገፍቶ ቢሮዬ መጣ። የግማሽ ቀን ፈቃድ ፈልጎ ነው። ገብርኤል ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስ ይፈልጋል። መዳቢው ለማንም የግል ፈቃድ አይሰጥም፤ እኔ በወር ሁለት መስጠት እችላለሁ፤ የቀረችኝ ሥልጣን እሷ ናት። ፈቀድኩለት። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ደግሞም ልደቴ ነው አለኝ። ልደትህማ በሚያዝያ ነው፣ መዳቢው በየዓመቱ ኬክ ይልክልህ የለም ወይ አልኩት። እሱ የሰነዱ ነው ብሎ ፈገግ አለ። እናቱ የወለደችው የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ ታቦቱ ሲወጣ ነው፤ ስሙም የወጣለት በዚያ ምክንያት ነው።

እኔ ሙስሊም ብሆንም የወሎ ሰው ነኝ፤ የጎረቤቶቼን በዓል ሳላውቅ አላደግኩም። ገብርኤል በአሥራ ዘጠኝ ነው። ታኅሣሥ አራተኛው ወር ነው። ሀብቴ እንደወጣ ሰነዱን ከፈትኩት። 19/4/2075 ይላል።

መዳቢው ይህን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ ኤፕሪል 19 ብሎታል። የገጠሩ ጤና ኬላ ጸሐፊ ግን በእኛው አቆጣጠር ነበር የጻፈችው፤ ገጠር ውስጥ በሌላ የሚቆጥር ማን አለ? «ዓ.ም.» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ብቻ ሳትጽፍ ቀርታለች። መዝገብ ሁሉ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲዛወር የሌላው ሰው ልደት ተቆጥሮ ተዛወረ፤ የሀብቴ ግን የተዛወረ መስሎ ባለበት ቀረ። ሁለት ፊደላት ከልጁ ላይ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር በሉበት።

ያን ዕለት ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው ማለት ነው። አሥራ ሰባት ነኝ ሲለኝ አሥራ ሰባት ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቱ በወንበር እየተገፋ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ለስላሳ ምግብ እየበላ፣ እርምጃውን እየቆጠረ ይኖራል። ቢሮዬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

የማስተካከያ ጥያቄ ላክኩ። በአራት ሰከንድ ውስጥ ውድቅ ተደረገ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «የዘርፉ ልማድ» የሚል ተጽፏል። ልማዱን ያመጣነው እኔና መሰሎቼ ነን፤ የዕድሜ ማስተካከያ ጥያቄ ሁሉ ሳይታይ ውድቅ እንዲሆን መዳቢውን ያስተማርነው እኛው ነን። አምስት ጊዜ ላክኩ፤ አምስት ጊዜ ያንኑ መልስ ሰጠኝ። ለሀብቴ ምንም አልነገርኩትም። ተስፋ ሰጥቼው ቢቀር በሁለተኛው ሳቄ የምገድለው መሰለኝ።

ጥር 24 ጠዋት ዝርዝሩ ሲወጣ ስሙ ከታች ነበር። የቀሩት ጨዋታዎች፦ ዜሮ። ስንብት፣ ከየካቲት 1 ጀምሮ። ግድግዳው ቃሌን ይጠብቃል። መዳቢው ከመጣ ወዲህ ባሉት አሥራ ሰባት ዓመታት አንድም ቀን እንቢ ብዬ አላውቅም ነበር፤ እንቢ ቢባል ምን እንደሚሆንም በደንብ አላውቅም።

«አይሁን» አልኩ።

መዳቢው እንዳልሰማ ሁሉ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ሦስቴም ያንኑ መለስኩ። ከዚያ የክለቡ ቀን ሳይጀመር ቀረ። የምግብ አዳራሹ በር አልተከፈተም፤ የመልበሻ ክፍሉ መብራት አልበራም፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ኮሪደር ላይ በረሃብ ቆዩ። እኔ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ከሱቅ ዳቦ ገዝቼ አከፋፈልኩ። ደስ የሚል ረብሻ ነበር፤ አንዱ ኮሪደር ላይ ኳስ መግፋት ጀመረ፣ መስታወት ተሰበረ። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤው ደረሰኝ። በደንቡ መሠረት እንቢታዬን የሚሰማ የሦስት ሰዎች ጉባኤ አዲስ አበባ ተሰይሟል። ስብሰባው ዝግ ነው። በሦስተኛው ቀን ቀርቤ ማስረዳት አለብኝ። ካላሳመንኳቸው ስንብቱ ይጸናል።

ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው ማናገር ነበረብኝ። አራጋው፣ ያ አምበላችን፣ የስታዲየሙ በር ጠባቂ ነው። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ሰነዱ ግን ሃምሳ አምስት ስለሚል ጡረታ ለመውጣት ገና አምስት ዓመት ይጠብቃል። በሩ ጥግ ከፀሐይ ተጠልሎ ተቀምጦ አገኘሁት። የሀብቴን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። የሚያምኑኝ የራሴን ከተናገርኩ ብቻ እንደሆነም ነገርኩት። የራሴን ከተናገርኩ ደግሞ የእሱም እንደሚነገር ሁለታችንም እናውቃለን።

«ዋንጫውን ይወስዱታል?» አለኝ።

«ይወስዱታል።»

ነጭ ጢሙን እያሻሸ ልጁ ስንት ዓመት እንደሚቀረው ጠየቀኝ። ደህና ከያዙት ስምንት ዓመት አልኩት።

«እኔ ከዋንጫው በኋላ የተጫወትኩት አራት ዓመት ነው» አለ አራጋው። «በሃያ ስድስት ዓመቴ ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ሰነዱ ሃያ አንድ ይላል። ሐኪሙ እንኳ ሰነፍ ነህ ብሎ ነው የመለሰኝ። ሃያ ስድስት ነኝ ልበል? ለማን? ሐዋ፣ ላንቺ እንኳ መጥቼ ለመናገር ፈራሁ። ዋንጫውን ያስወሰድኩት እኔ እንዳልባል።»

ይህን አላውቅም ነበር። እንደሌሎቹ ሁሉ እኔም ያን ጊዜ ጠግቦ ነው ብዬ ነበር። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እጁን አወዛወዘና ሂጂ ተናገሪ አለኝ።

አሁን ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በባቡር ሁለት ሰዓት ነው፤ መስኮቱን ካላዩት እንደሄዱም አይታወቅም። እኔ ግን መስኮቱን አየሁ። በ2063 ዋንጫውን ይዘን ስንመለስ መንገዱ ሙሉ ቀን ፈጅቶብን ነበር። በአይሱዙ ጭነት ላይ ነበርን። ሸዋሮቢት ላይ ሰው መንገድ ዘግቶ አወረደን። አጣዬ ላይ አንድ ሽማግሌ ዋንጫውን ተቀብለው በውስጡ ውኃ ጠጡበትና ለሚቀጥለው ሰው አቀበሉ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እኛ ቆመን ሳቅን። ካራቆሬ ላይ ጎማ ፈነዳ። አራጋው ጢሙ በቅሎ ነበርና ሰው ሳያየው ፎጣ ጠምጥሜበት ጥርሱ ታሞ ነው እያልኩ መጣሁ። እነዚያ ከተሞች አሁን ከባቡሩ ውስጥ ሲታዩ እንደ ሥዕል ያልፋሉ። ያን ቀን አሳልፌ ልሰጥ እየሄድኩ ነበር። መመለስም አማረኝ፤ ይህን አልደብቅም።

የጉባኤው ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘርፌ የተባሉ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። ስለ ገብርኤልና ስለ አራተኛው ወር ያልኩትን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እንዲህ ዓይነት ነገር አዲስ እንዳልሆነባቸው ነገሩኝ። አራት መቶ ያህል ተጫዋች የበዓል ቀን እየጠቀሰ አመልክቷል፤ ሲጣራ ሁሉም ውሸት ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ከሌሎቹ የሚለየው ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ምስክሩ ማን ነው አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «በ2063 የላክኋቸው አሥራ አንድ የልደት ሰነዶች በፋይሌ ውስጥ አሉ። እባክዎ ቀኖቹን ያንብቡልኝ።»

ወይዘሮ ዘርፌ ማንበብ ጀመሩ። ሴፕቴምበር 11። ሴፕቴምበር 11። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ቀነሰ፤ አምስተኛው ላይ ማንበቡን ትተው በዓይናቸው ብቻ እስከ መጨረሻው ወረዱ። ከጎናቸው የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ጠጋ ብለው አዩ።

«ሁሉም መስከረም አንድ ቀን የተወለዱ ናቸው» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

«አዎ፣ እመቤቴ። ውሸት ስሠራ የምጽፈው ቀን እሱ ነበር። አሥራ አንዱንም የሠራሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያየው ሰው የለም። ዕድሜ የሚቀንስ ሰው ዓመቱን ብቻ ነው የሚያየው፤ ለቀኑ ደንታ የለውም። የዚህን ልጅ ቀን ግን እናቱ ስሙ ላይ ነው ያስቀመጠችው። ያ ሰነድ ሲጻፍ ስለ ኳስ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ ውሸቱን አውቀዋለሁ፤ ይሄ እሱ አይደለም።»

ይህን በመናገሬ ምን እንደሚከተል አውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አውቃለሁ አልኩ። ክለቡ ስንት ዋንጫ እንዳለው ጠየቁኝ። አንድ አልኩ። ወይዘሮ ዘርፌ ፋይሉን ዘግተው ውጪ እንድጠብቅ ነገሩኝ።

ውሳኔው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተሰጠ። የሀብተገብርኤል ልደት ታኅሣሥ 19 ቀን 2075 ዓ.ም. ተብሎ ይመዝገብ፤ ስንብቱ ይነሣ። የ2063ቱ ዋንጫ ይመለስ። ሐዋ ይመር በወሩ መጨረሻ ከሥራ ትነሣ፣ ስሟም ከሊጉ መዝገብ ይፋቅ። ጉዳዩ ሰኞ ለሕዝብ ይገለጽ። ከእኔ በኋላ አዲስ አበባ የተቀመጠ አንድ ሰው ለአሥራ አራት ክለቦች በአንድ ጊዜ «ይሁን» ይላል አሉኝ። ይቻላል፤ ቃሏ አጭር ናት።

ዓርብ ዕለት ሁለት ሰዎች መጥተው ዋንጫውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዱት። አራጋው በሩን ከፈተላቸው። መኪናቸው እስኪርቅ ቆሞ አየና ወደ ጥጉ ተመለሰ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝርዝሩ ወጣ። ከሀብቴ ስም ጎን የነበረው ዜሮ ሦስት መቶ ስድስት ሆኗል። ደስታዬ አንድ መስመር እስካነብ ድረስ ነበር። ከሥሩ «ከዚህ ክለብ ደረጃ በላይ ነው፤ ወደ ናይሮቢው ክለብ ይዛወር፤ ዛሬ» ይላል። አርባ ዓመት ተጫዋች ስሸጥና ስገዛ የኖርኩ ሴት ይህን አለማሰቤ ይገርማል። ሃያ ስድስት ዓመት የሆነው፣ እርምጃው እየተቆጠረ የተጠበቀ ጉልበት ያለው አጥቂ ማን እዚህ ይተወዋል? እንቢ ብል ሌላ ጉባኤ ይሰየማል፣ ልጁ እስኪወሰን ድረስ ውድድር ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ይላል። አሥር ደቂቃ ያህል ከግድግዳው ጋር ተፋጥጬ ተቀመጥኩ። ለሌላው ሁሉ በቀላሉ የምላትን ቃል ለእሱ ስል ድምፄ ስለተንቀጠቀጠ መዳቢው እንድደግመው ጠየቀኝ። ደገምኩት።

ሀብቴ ሊሰናበተኝ የመጣው በእግሩ ነው። የመጣበትን ዓይነት ፌስታል ሳይሆን ክለቡ የሰጠውን ቦርሳ ይዟል። እንዴት እንደተስተካከለለት አያውቅም፤ ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ ብለው ብቻ ነግረውታል። ትከሻዬን ሳመኝ። መሄድ እንደማይፈልግ፣ እንቢ ብልለት እንደሚቀር ነገረኝ። ሂድ አልኩት። ያን ቀን ስለሳቅኩብህ ይቅር በለኝ አልኩት። አቀርቅሮ እርስዎ ብቻ አይደሉም አለኝ።

ከዚያ በሩ ላይ ቆመና አዳራሹን አየ።

«እትዬ፣ ዋንጫው የታለ? ልሰናበተው ብዬ ገብቼ ነበር።»

ወዲያው ቀጠለ። «ስድስት ዓመቴ ሳለ በመኪና ኩታበር አምጥታችሁት ነበር። አባቴ ትከሻው ላይ አውጥቶኝ በእጄ ነካሁት። አባቴ እነዚህ ልጆች አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነው አለኝ። አንተም አሥራ ሰባት ሲሞላህ ትሄዳለህ አለኝ። እኔ ቀኑን ስቆጥር ነው ያደግኩት። ልክ ሲሞላኝ መጣሁ።»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች አስተካከልኩ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበራቸውም።

«አዲስ አበባ ለጽዳት ወስደውት ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ስመለስ አየዋለሁ።»

እሺ አልኩት። እስከ በሩ ሸኘሁት፤ አራጋውም ተነሥቶ ጨበጠው። ጉዳዩ የሚገለጸው ሰኞ ነው፤ የናይሮቢው የመጀመሪያ ጨዋታው እሑድ ነበር። እሑድን እንኳ ዋንጫው ኖሮለት ይጫወት ብዬ ነው።